አዲስ ጂፕሰም ቦርድ ከቀለም በፊት ምን ይቀባል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አንድ ሰፊ ክፍል በጂፕሰም ቦርድ ለሁለት ከፍለናል። መገጣጠሚያዎቹና የብሎን ራሶቹ ስቱኮ ተደርጎላቸው በብርጭቆ ወረቀት ታሽተዋል። ቀቢው ‹ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥኜ ግድግዳውን ላጠጣውና ቀለሙን ከዚያ በላይ እቀባለሁ› ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ ‹ዋናውን ቀለም ሦስት እጅ መቀባት ነው እንጂ ሌላው ትርፍ ወጪ ነው› ባይ ነው። የመረጥነው ቀለም ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ትንሽ የሚያብለጨልጭ ዓይነት ነው። ትልቁ መስኮት ከግድግዳው ጫፍ አጠገብ ይገኛል። ሁለት ቦርዶች ደጅ ፀሐይ ላይ ሰንብተው ቢጫ ሆነዋል፤ አንድ ሁለት ቦታም ወረቀቱ ተልጧል። የማንን ልስማ?»

የሁለቱንም አይስሙ። የወንድምዎ ምክር ቀለም ያባክናል፤ የቀቢው ምክር ግን ግድግዳውን ያበላሻል። የሚያስፈልግዎት ለአዲስ ጂፕሰም ቦርድ ተብሎ የተሠራ፣ በውሃ የሚቀጥን ፕራይመር (ከዋናው ቀለም ሥር የሚቀባ ማዘጋጃ ቅብ) አንድ እጅ፣ ከዚያም ቀለሙ ሁለት እጅ ነው። በዚህ ባበቃሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድዎን የጠቀሷቸው ነገሮች፣ የቀለሙ ጥቁረት፣ የመስኮቱ ቦታ፣ ቢጫ የሆኑት ቦርዶች፣ ሥራው ማማሩንና መበላሸቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ትንሽ ይታገሡኝ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክሩ። ጣትዎን ውሃ ነክረው መጀመሪያ የቦርዱን ወረቀት፣ ቀጥሎ ከእሱ አንድ ስንዝር የሚርቀውን ስቱኮ ይንኩ። ስቱኮው ላይ ያረፈው ውሃ ዓይንዎ እያየ ይሰወራል፤ የጣትዎ ቅርጽ ጠቆር ብሎ ይቀርና ላዩ ደረቅ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ግን እያብለጨለጨ ይቆያል፤ በዛ ካለም ወደታች ይንሸራተታል። አሁን ደግሞ ስቱኮው ከወረቀቱ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ከስቱኮው አልፎ ቦርዱን የፋቀበትን ቦታ ይንኩ። እዚያ ወረቀቱ ጸጉር አውጥቷል፤ እንደ ስቱኮው ባይፈጥንም ውሃውን ይጠጣል፣ ሲርስም ጸጉሩ ይቆማል። እርስዎ አንድ ግድግዳ የሚሉት ነገር ለቀለሙ ሦስት ግድግዳ ነው።

ይህ የሆነው በአሠራራቸው ነው። ቦርዱ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል የተያዘ ጂፕሰም ሲሆን፣ ወደ ክፍሉ የሚዞረው ወረቀት ውሃ ቶሎ እንዳያስገባ ተደርጎ በፋብሪካ ይዘጋጃል። የመገጣጠሚያ ስቱኮ ግን በአብዛኛው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ጂፕሰም ነው። የሚያያይዘው ሙጫ ጥቂት ነው፤ ጥቂት የተደረገውም በብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ እንዲታሽ ነው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ ይሞላል። ቀለም ደግሞ ዋና ዋና ነገሮቹ ሦስት ናቸው፦ ውሃ፣ ሙጫና ቀለም ሰጪ ዱቄት። ቀለሙ ስቱኮው ላይ ሲያርፍ ውሃው ቶሎ ይመጠጣል፤ ሙጫው ተዘርግቶ ወጥ ቆዳ ለመሥራት ጊዜ ያጣል፣ ከፊሉም ከውሃው ጋር ይሰምጣል። ላይ የሚቀረው ሙጫ የጎደለው ዱቄት ስለሆነ ደብዝዞና ሻክሮ ይደርቃል። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ግን ረጋ ብሎ ይደርቃል፣ ያብለጨልጫልም። ቀለሙ አንድ፣ ጣሳው አንድ፣ ቀቢው አንድ ሆኖ ሳለ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ደብዛዛ ጥለት ይወጣል።

ብዙ ሰው «ግድግዳው ቀለም እንዳይጠጣ» ይላል። መጠጣቱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ጨርሶ የማይጠጣ ግድግዳ ቀለሙን የሚይዝበት ነገር የለውም። ጣጣው አንዱ ቦታ ሲጎነጭ ሌላው መጥገቡ ነው። ፕራይመር የሚቀባው ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እንዲጠጣ ነው። ይህን ከያዙ ኮላው ለምን እንደማይሆን፣ ማቅጠኑ መቼ እንደሚጠቅም፣ ከፕራይመሩ በኋላ የተጠገነ ቦታ ለምን እንደገና ፕራይመር እንደሚፈልግ ሁሉ ራስዎ ሊደርሱበት ይችላሉ።

ወንድምዎ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። ምንም የማያብለጨልጭ ነጭ ቀለም፣ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ በሚመጣበት ክፍል፣ በተለይ ኮርኒስ ላይ፣ ያለ ፕራይመር ሁለት ሦስት እጅ ተቀብቶ ደህና ሆኖ አይቻለሁ። የመጀመሪያው እጅ ራሱ እንደ ፕራይመር ያገለግላል፣ ሁለተኛው ያስተካክላል። ደብዛዛ ነጭ ጉድለትን ይሸሽጋል። የእርስዎ ቀለም ግን ሁለት ጠባይ አለው። ማብለጭለጩ የሙጫ መጉደልን ወዲያው ያጋልጣል። ጥቁረቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፦ ጠቆር ያሉ ቀለሞች የሚቀመሙት የሸፋኝነቱን ሥራ የሚሠራው ነጭ ዱቄት፣ ማለትም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ጥቂት ብቻ ባለበት ወይም ጨርሶ በሌለበት መነሻ ላይ ነው። ስለዚህ ከነጭ ይልቅ በደካማው ይሸፍናሉ። ሦስት እጅ ያሉት አራት፣ አራት ያሉት አምስት ሊሆን ይችላል፤ ውዱ ቀለም ደግሞ እሱ ነው። ፕራይመሩን ትርፍ ወጪ ያሉት ወንድምዎ ይህን ሒሳብ አላሰቡትም።

በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው እንዲህ የምናገረው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ረጅም ኮሪደር በሚያብለጨልጭ ግራጫ፣ ያለ ፕራይመር፣ ሦስት እጅ ቀባሁ። ቀን ቀን ሳየው እንከን አልነበረውም፤ ኮርቼበት ነበር። ማታ ባለቤቶቹ የግድግዳ መብራቶቹን አበሩ። መብራቱ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲወርድ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ብቅ አለ፤ ግድግዳው ጎድኑ የሚቆጠር የከሳ በሬ መሰለ። አራተኛ እጅ ጨመርኩ፤ ጥለቶቹ ቀነሱ እንጂ አልጠፉም። በመጨረሻ ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ፕራይመር ቀብቼ፣ እንደገና በሁለት እጅ ጨረስኩት፤ ወጪው ከኪሴ ነበር።

ወደ ኮላው እንምጣ። ቀቢዎ ይህን ከራሳቸው አልፈጠሩትም፤ ከልስን ሥራ የመጣ ልማድ ነው። አሮጌ ግድግዳ ላይ አዲስ ልስን ከመለሰን በፊት ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥኖ መቀባትና ገና ሳይደርቅ፣ እጅ ላይ ሲጣበቅ፣ ልስኑን ማሳረፍ የታወቀ ዘዴ ነው። እዚያ ኮላው አሮጌውን ግድግዳና አዲሱን ልስን የሚያገናኝ ድልድይ ይሆናል። ደርቆ ቀለም ሲቀባበት ግን ጠባዩ ይለወጣል። ነጭ ኮላ ሲደርቅ ለስላሳና ዝግ ቆዳ ይሠራል፤ ቀለሙ ሥር የሚሰድበት ቀዳዳ አያገኝም። ይባስ ብሎ ይህ ቆዳ ውሃ ሲነካው መልሶ ይላላል። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ሲቀቡበት ከሥሩ ይርሳል፣ ብሩሹን ይጎትታል፣ አንዳንድ ቦታ ተሸብሽቦ ይነሳል። ለጊዜው ጸጥ ብሎ ቢደርቅ እንኳ ክፍሉ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይላላል። ከወራት በኋላ ቀለሙ በጥፍር ሲነካ እንደ ፕላስቲክ ከረጢት በሰፊው ይላጣል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ መጠገን ከባዶው ከመጀመር ይከፋል።

ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው አንድ ስም ነው። ነጭ ኮላ የሚሠራበት ሙጫ ፖሊቪኒል አሲቴት ይባላል፤ በጣሳው ላይ ፒ ቪ ኤ ተብሎ ይጻፋል። ለጂፕሰም ቦርድ ከሚሸጡት ፕራይመሮች ርካሾቹ ውስጥ ያለውም ሙጫ ከዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ እነሱም ፒ ቪ ኤ ፕራይመር ይባላሉ። ሰዎች ይህን ስም ያነቡና «እንግዲህ ያው ኮላ ነው» ብለው ይደመድማሉ። ያው አይደለም። ፕራይመሩ በሙጫው ላይ ብዙ ዱቄት ስለተጨመረበት ደብዛዛና ሸካራ ሆኖ ይደርቃል፤ ቀለሙ የሚቆናጠጠው ያንን ሸካራነት ነው። ጣሳው ላይ «ፕራይመር» እና «ጂፕሰም ቦርድ» የሚሉት ሁለቱ ቃላት ከሌሉ አይግዙ። በነገራችን ላይ ቦርዱ ራሱ ሲጀመር ለቀለም የታሰበ አልነበረም። አሜሪካዊው ኦገስቲን ሳኬት እ.ኤ.አ. በ1894 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ቦርድ ልስን የሚያርፍበት መደገፊያ ነበር። የልስን ዘመን ልማዶች ዛሬም ከቦርዱ ጋር ተጣብቀው መቅረታቸው ብዙ አያስገርምም።

አሁን ወደ ሥራው። ፕራይመር ከመቀባትዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ፦ መድረቁንና አቧራ አለመኖሩን።

በባልዲ ተቦክቶ የሚሸጠው ስቱኮ የሚጠነክረው ውሃው ሲተን ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ እጅ አንድ ሙሉ ቀን ያህል ይፈልጋል፤ አየሩ ከቀዘቀዘ ወይም ከረጠበ ደግሞ ከዚያ በላይ። በዱቄት የሚሸጠው፣ በውሃ ሲበጠበጥ በራሱ የሚጠነክረው ዓይነት ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ይጠነክራል፤ ጠነከረ ማለት ግን ደረቀ ማለት አይደለም። ምልክቱ መልኩ ነው፦ እርጥበት ያለበት ስቱኮ ጠቆር ይላል፣ ሲደርቅ ወጥ ሆኖ ይነጣል። በተለይ ማዕዘኖቹንና ወፍራም የተሞሉ ቦታዎችን ይመልከቱ።

አቧራውን ግን ብዙ ሰው ይንቀዋል። መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ሳብ አድርገው ይመልከቱት፤ ነጭ ከሆነ ፕራይመሩ የሚጣበቀው ከቦርዱ ጋር ሳይሆን ከዚያ ዱቄት ጋር ነው። በመጥረጊያ መጥረግ አቧራውን ከቦታ ቦታ ያዘዋውረዋል እንጂ አያነሳውም። ለስላሳ ብሩሽ በተገጠመለት አቧራ የሚስብ ማሽን ይሳቡት፤ ከዚያ በደንብ የተጨመቀ፣ እርጥበቱ እምብዛም የማይሰማ ጨርቅ አንድ ጊዜ ያሳልፉበት። ጨርቁን ደጋግመው ይጠቡ። ውሃ የሚያንጠባጥብ ጨርቅ ስቱኮውን አሟሙቶ መልሶ ያዝረከርከዋል። ወለሉንም አብረው ይጥረጉ፤ ያለዚያ ሮለሩን ሲጎትቱ የሚነሳው ንፋስ አቧራውን ወደ እርጥቡ ፕራይመር ይመልሰዋል። ሲያሹ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግን እንደ ቅንጦት አይዩት፤ አንዳንድ ስቱኮ ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ የሲሊካ ብናኝ አለ።

የተላጠው ወረቀት በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ነገር ነው። ጠጋ ብለው ይዩት፦ ከላይ ያለው ለስላሳ ንብርብር ተነስቶ ከሥሩ ቡናማና ጸጉራም ወረቀት ይታያል። ያ ቡናማ ወረቀት ውሃ ይወዳል። በላዩ ላይ በቀጥታ ስቱኮም ሆነ በውሃ የሚቀጥን ፕራይመር ቢቀቡ ይርስና ያብጣል፣ በሰዓታት ውስጥም የሸሚዝ አዝራር የሚያክሉ አረፋዎች ይወጣሉ። አረፋውን አሽተው ያጠፉታል፣ እንደገና ይቀባሉ፣ እንደገና ይወጣል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ በስለታም ምላጭ የተላጠውን ዙሪያ እቆርጥና የላላውን ሁሉ ነቅዬ አወጣለሁ፤ ያልተነቀለው ወረቀት አጥብቆ መያዙን በጥፍሬ እሞክራለሁ። የቆመውን ጸጉር በስሱ አሽቼ፣ ቦታውን ብቻ ውሃ በሌለበት፣ ማለትም በአኳራጃ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ወይም በአልኮል በሚቀጥን ፕራይመር እዘጋዋለሁ። ሲደርቅ ቡናማው ወረቀት ደርቆ እንደ ካርቶን ይጠነክራል። ከዚያ ነው በስፓቱላ ስስ ስቱኮ ስቤ፣ ሰፋ አድርጌ ከአካባቢው ጋር የማስተካክለው።

ቢጫ የሆኑት ሁለት ቦርዶች ከዚህ ይለያሉ። ፀሐይ ወረቀቱን ታቃጥለዋለች፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለው የእንጨት ቅሪት ይቀየርና ቢጫ ቀለም ይይዛል። በውሃ የሚቀጥን ፕራይመር ሲቀባበት ውሃው ያንን ቢጫ አሟሙቶ ወደ ላይ ሊስበው ይችላል፤ የሻይ እድፍ የመሰለ ጥላ ፕራይመሩን አልፎ ይወጣል። ጠቆር ባለ ሰማያዊ ሥር እድፉ ላይታይ ይችላል ብለው ያስቡ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ነገ ነጭ መቀባት ያምርዎት እንደሆነ ማን ያውቃል። ፈትኖ መወሰን ቀላል ነው። መዳፍ የሚያህል ቦታ ፕራይመር ቀብተው አንድ ቀን ይተዉት። ነጭ ሆኖ ካደረ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ቢጫ ካመጣ እነዚያን ሁለት ቦርዶች እድፍ በሚያግድ ፕራይመር ይሸፍኗቸው። ከዚያ በፊት ግን ጠንካራ ፕላስተር ለጥፈው በፍጥነት ይንቀሉት፤ ወረቀቱ ከጂፕሰሙ ተላቆ አብሮ ከመጣ ያ ቦርድ የሚቀባ ሳይሆን የሚቀየር ነው።

«ታዲያ ግድግዳውን በሙሉ በዚያ ጠንካራ ፕራይመር ብቀባውስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል። አይቅቡት። በአኳራጃ የሚቀጥኑት ፕራይመሮች የአዲስ ቦርድን ወረቀት ጸጉር የማስነሳት ጠባይ አላቸው፤ ሰፊ ግድግዳ ላይ ሁሉንም ማሸት ሊኖርብዎት ነው። ሽታቸውም ቤት ያስለቅቃል። ለተጎዳ ቦታ መድኃኒት ናቸው፤ ለጤናማው ግድግዳ ትርፍ ናቸው።

ስለ ማቅጠንም ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል። በጣም የቀጠነ የመጀመሪያ እጅ የሚያስፈልገው ሙሉ በሙሉ በአዲስ ልስን ለተሸፈነ ግድግዳ ነው፤ ልስን በኃይል ስለሚመጥ ወፍራም ቀለም ላዩ ላይ ደርቆ ይፈረፈራል። የእርስዎ ግን አብዛኛው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ያን ያህል አይጠማም። ለቦርድ የተሠራ ፕራይመር ከሆነ ጣሳው ካላዘዘ በቀር ውሃ አይጨምሩበት። ፕራይመር አጥተው ተራ የማያብለጨልጭ ፕላስቲክ ቀለም ለመጀመሪያው እጅ የሚጠቀሙ ከሆነ የቀለሙን አንድ አሥረኛ ያህል ውሃ ይበቃዋል። ግማሽ በግማሽ የሚሉትን አይስሙ፤ ሙጫው ተበትኖ ዱቄቱን መያዝ ያቅተዋል። ሲደርቅ በእጅዎ ቢዳስሱት እንደ ጠመኔ ይለቅብዎታል። የሚያብለጨልጨውን ቀለም ራሱን አቅጥኖ ለመጀመሪያ እጅ መጠቀምም አይመከርም፤ ዝግና ለስላሳ ስለሆነ የሚቀጥለውን እጅ በደንብ አያስይዝም።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ፤ እሱም መስኮቱ ነው። ፕራይመር መጠጣትን እኩል ያደርጋል፤ ገጽታን ግን እኩል አያደርግም። የቦርዱ ወረቀት ከቅርብ ሲታይ ስስ ሽመና የመሰለ ሸካራነት አለው፤ በደንብ የታሸ ስቱኮ ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ልሙጥ ነው። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ይህ ልዩነት አይታይም። ከግድግዳው ጫፍ ካለ መስኮት ግድግዳውን እየታከከ ሲመጣ ግን ትንሿ ሸካራነት ሁሉ ጥላ ትጥላለች። በሰሜን አሜሪካ የቦርድ ሥራ አጨራረስ ከ0 እስከ 5 በደረጃ ይከፈላል። እንደ እርስዎ ያለው፣ መገጣጠሚያውና የብሎን ራሱ ብቻ በደንብ ተሞልቶ የተስተካከለው ግድግዳ፣ 4ኛው ደረጃ ላይ ይውላል፤ ለማያብለጨልጭ ቀለም ተስማሚ ነው። ቀለሙ የሚያብለጨልጭ ወይም ብርሃኑ ከጎን የሚመጣ ከሆነ የሚመከረው 5ኛው ሲሆን፣ እሱም ግድግዳውን በሙሉ፣ ወረቀቱንም ጨምሮ፣ በስስ ስቱኮ መሸፈን ማለት ነው። እርስዎ ሁለቱም አሉብዎት።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ ግድግዳው በሙሉ ስስ ስቱኮ ይሳብበት፣ ወይ ያንኑ ሰማያዊ በማያብለጨልጭ ዓይነት ይቀይሩት። በእኔ ቤት ቢሆን ሁለተኛውን እመርጥ ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ ሳያብለጨልጭ ሲቀር ጥልቀቱ ያምራል። ችግሩ እጅ ሲበዛበት፣ ልጆችም ሲነካኩት ምልክት መያዙ ነው። ልጆች ካሉ ሊታጠብ የሚችል የማያብለጨልጭ ዓይነት ይጠይቁ። የማብለጭለጩ ነገር ግን አይቀርም ካሉ ስቱኮውን የሚስበው ሰው እጁ የተፈታ ይሁን፤ ስስ ስቱኮ በሰፊ ግድግዳ ላይ መሳብ የጀማሪ ሥራ አይደለም። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ስቱኮ ከለበሰ በኋላም ፕራይመሩ አይቀርም፤ እንዲያውም የበለጠ ይጠጣልና የበለጠ ያስፈልገዋል።

ቀቢው መሥራት ከመጀመራቸው በፊት መብራት አጥፍተው፣ የእጅ ባትሪ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ይዘው በቀስታ ይሂዱ። ጉብታውም፣ የስፓቱላ ጭረቱም፣ ያልሞላው የብሎን ራስም ይታይዎታል። በእርሳስ በስሱ ክብ እያደረጉ ያልፋሉ። በእስክሪብቶ አያድርጉት፤ ቀለም አልፎ የሚወጣ ነው።

ቀለም የሚሸጥልዎትን ሰው ፕራይመሩን በግራጫ ወይም በቀላል ሰማያዊ እንዲያቀልምልዎት ይጠይቁ። ነጭ ፕራይመር ላይ ጥቁር ሰማያዊ መሸፈን ላብ ያስወጣል፤ ግራጫ ላይ ሁለት እጅ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። መጠኑን ለማስላት፦ ባዶ ቦርድ ላይ አንድ ሊትር ፕራይመር ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብለው ያስቡ። ግድግዳዎ 5 ሜትር በ2.6 ሜትር ቢሆን አንድ ወገኑ 13 ካሬ ሜትር፣ ሁለቱ ወገን 26 ካሬ ሜትር ነው፤ 3 ሊትር ያህል ይዞ መነሳት ነው።

አቀባቡ ብዙ ምስጢር የለውም። ጸጉሩ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሮለር ይያዙ። ጠርዙን በብሩሽ አንድ ሜትር ያህል ቀብተው ሳይደርቅ በሮለር ይከተሉት፤ ክፍሉን ዙሪያውን በብሩሽ ጨርሰው ከሰዓት በኋላ በሮለር ቢመጡ ጠርዙ እንደ ፎቶ ክፈፍ ይታያል። ሮለሩን አይጫኑት፤ ሲደርቅ ድምፁ ይለወጣል፣ ያን ጊዜ መልሰው ይንከሩት። ክፍሉ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ይቆዩ፤ ሙጫው በቅዝቃዜ ወጥ ቆዳ አይሠራም። ጣሳው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይበቃል ሊል ይችላል፤ እኔ ግን ማሳደር እመርጣለሁ።

ጠዋት ሲያዩት ይደነግጡ ይሆናል። ትናንት ልሙጥ የነበረው ግድግዳ ዛሬ ሻካራ ነው፤ ያላዩት ጭረትም ሁሉ ወጥቷል። ያለ ነገር ነው። ጸጉሩ በፕራይመሩ ተነስቶ ደርቋል፤ መልኩም አንድ ስለሆነ ጉድለቱን የሚሸሽግ ነገር የለም። በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት፣ እጅ ሳይከብድ፣ አንድ ጊዜ ያሹት፤ ጸጉሩ ይቆረጥና ሲዳስሱት ቆዳ ቆዳ ይላል። ባትሪዎን ይዘው እንደገና ይዙሩ፣ የቀረውን በስቱኮ ይሙሉ፣ ሲደርቅ ያሹ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ቀቢዎች የሚሳሳቱት። ያ አዲስ የሞሉት ስቱኮ እንደገና የተጠማ ስቱኮ ነው። በላዩ ላይ በቀጥታ ቀለም ከቀቡ እያንዳንዱ ጥገና ደብዛዛ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ግድግዳው ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል። ለእያንዳንዱ ጥገና በትንሽ ብሩሽ ፕራይመር ነክተው፣ ጠርዙን አሳስተው ያስፉ። ከዚያ ሁለቱን የቀለም እጆች መቀጠል ይችላሉ።

ምናልባት ይህ ምላሽ ሳይደርስዎ ቀቢዎ ኮላውን ጀምረው ከሆነ፣ የቀቡበትን ቦታ ለይተው ሥራውን ያስቁሙ። ቦርድ ውሃ ስለማይችል ኮላውን አርሶ ማጠብ አይሆንም። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ያሹት፣ አቧራውን ያንሱ፤ ከዚያ ያንን ቦታ ብቻ ውሃ በሌለበት ፕራይመር ይዝጉት። ኮላውን የሚያላላው ውሃ ስለሆነ በአኳራጃ የሚቀጥን ፕራይመር ሳይቀሰቅሰው ያልፋል። ጸጉር ካስነሳ ይታሻል። ከሁለት ቀን በኋላ ፕላስተር ለጥፈው ሲነቅሉት ምንም ይዞ ካልመጣ፣ ከቀረው ግድግዳ ጋር አብሮ መቀባት ይችላል።